ይቀጥላል

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ውኃ ውስጥ ናት ኢርማ፣
ትንፋሿን እንደ ያዘች፣ ድምፅ ሳታሰማ።
ጠላቂ አድርጌ ጽፌ የፈጠርኳት፣
ከፓራና ወንዝ ዳር «ዝለይ» ብዬ ያዘዝኳት
እኔው ነበርኩ፤ ገጽ ሃያ አራት ላይ፣
አንድ እግሯ ጭቃ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ወደ ላይ።
ከግርጌው በቀኝ በኩል፣ በደቃቅ ፊደላት፣
«ይቀጥላል» ብዬ እዚያው ረሳኋት።

ይቀጥላል ማለት ምን ያስከፍላል?
ባለዕዳ ላበዳሪ፣ ባል ለሚስቱ ይላል።

መጀመሪያ ልጅ መጣ፤ ቀጥሎ የቤት ኪራይ፤
ቀጥሎ የአባቴ ሳንባ፤ ቀጥሎ ሌላ ጉዳይ።
ሮሳሪዮ ከተማ፣ ከብረታ ብረት ሱቅ፣
ሚስማር በኪሎ ስመዝን፣ ብሎን ስቆጥር ስጠይቅ፣
ማታ እርሳስ ስይዝ የሚመጣልኝ ዋጋ ነው፦
«ባለ ሁለት ኢንቹ ግማሽ ኪሎው ስንት ነው?»
ምንጩ ደረቀ ይላሉ፤ ውሸት ነው የሚሉት፣
ሰነፍን ሲያጽናኑ የሚደግፉበት።
እኔ አልደረቅሁም። ዝም ብዬ አላደረግሁትም።
ከዚህ የረቀቀ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ሐምሌ ነው፣ ብርዱ የገባ ለታ፣
አንድ በያጅ መጣ፣ ማጠፊያ ሊገዛ ማታ።
ኤውሴቢዮ ይባላል፤ እጁን እሳት የገረፈው፤
መልሱን ቆጥሮ ሳይጨርስ አንድ ነገር አስቆመው።
«አንተ አይደለህ» አለኝ፣ «ያን ደብተር የሸጥከው፣
አደባባዩ ላይ፣ በሽቦ የተያዘው?»
«እኔ ነኝ።»
«ታዲያ ያቺ ሴትዮ፣ ወጣች ወይ?»

ወጣች ወይ።
የታመመ ዘመድ እንደሚጠየቀው፣
እንዲያ ነው ያለው። መልስ አልነበረኝም የምሰጠው።

ኦስማርን ደወልኩለት፣ ሥዕሉን የሚሥለውን፤
ዛሬ ዳቦ ያድላል፣ እየነዳ ቢጫ ቫን።
«እጄ ሻግቷል» አለኝ፤ ቀጥሎም ሳቀና፣
«መስመሬ ይንቀጠቀጣል፤ እንደ ዱሮው አይደል ቀና።»
«የምትሥለው ውኃ ነው፤ ውኃ መቼ ቀጥ ይላል?
ሦስት ገጽ ብቻ» አልኩት፣ «ከዚያ በኋላ ያበቃል።»
«ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ» አለችኝ ኔልዳ ሚስቴ፤
ግን የሒሳብ መዝገቡን አነሳችልኝ ከፊቴ።

እሑድ ሌሊት ተቀመጥኩ።
«ክፈፍ አንድ፦ ጥልቅ ውኃ።» ሰረዝኩ።
«ክፈፍ አንድ፦ ጨለማ።» እሱንም ሰረዝኩ።
ፊደሉ እንደ ሰው ጫማ ነው፤ እዚህ ይጠበኛል፣ እዚያ ይሰፋኛል።
ጎረቤት ውሻ ይጮኻል። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል።
ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ፣ ላቤም ቀዘቀዘ፦
ኢርማ ምን ልትፈልግ እንደ ጠለቀች ረስቻለሁ።
የወንድሟን ብስክሌት? ቀለበት? የሰጠመ ደወል?
ማስታወሻዬ ሁሉ ከአሮጌው ቤት ጋር ሄዷል፤
ገጽ ሃያ አራትም አይናገር።

በሙያችን ንግግር የሚጻፈው አረፋ ውስጥ ነው፤
ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ትንፋሹም አረፋ ነው።
ከአፏ አንዲት ሠራሁ፤ ክብ፣ ጠባብ፣ የምትንሳፈፍ፤
ውስጧ ይህን ጻፍኩ፣ ሳልሸሽግ፣ ሳልቀጥፍ፦
«ምን ልፈልግ ነበር የገባሁት?»

ከዚያ በኋላ እጄ ሄደ።
ጸጉሯን ሽበት ሰጠሁት፤ አሥራ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም።
ዓሣዎቹ ለምደዋታል፤ ከትከሻዋ አይሸሹም።
በሦስተኛው ገጽ ራሷ ብቻ ወጣ፤
ወንዙ ላይ እህል የጫነ መርከብ ያልፋል፣ እሷን አያይም።
እጇ ባዶ ነው። ትስቃለች ወይስ ታስላለች?
ኦስማር እንዲወስን ተውኩለት።

አርባ ቅጂ አወጣን። ሽቦው ከሱቄ ነው፣ በቅናሽ።
አንዱን ከኤውሴቢዮ በር ሥር አሾለክሁት፤
በላዩ የብረት ፍንጣሪ ወድቆበት ይሆናል እስካሁን።

ከግርጌው በቀኝ በኩል ያችን ቃል ልጽፍ ነበር፤
ፈራኋት። ቦታዋን ባዶ ተውኩት።
ኦስማር ግን ሳይነግረኝ፣ በሚንቀጠቀጠው መስመሩ፣
ሽንብራ የምታህል አረፋ ሣለባት፤
ባዶ።

ነገ ሰኞ ነው። የሚስማር ጭነት ይመጣል።